ከአቃቂ ያመጣሁት ጠመንጃ

የአዳባ ሰው አቃቂን ባያይ የሚቀርበት ነገር የለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከተመለስኩ ጀምሮ እህል ሊያስፈጭ ወፍጮ ቤቴ የሚመጣው ሁሉ «አዲስ አበባ እንዴት ናት?» እያለ ስለሚያደክመኝ ነው። አዲስ አበባን አላየኋትም። ያየሁት ጫፏን ነው፤ የፋብሪካ ጭስ የሚጤስበትን፣ የማረሚያ ቤት አጥር የተዘረጋበትን፣ ባቡሩ ቀርቶ ሐዲዱን ሣር የዋጠበትን ሰፈር። ለማየትም አልሄድኩም። የሄድኩት ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ደምሴ ከሁለት ጠመንጃዎቻቸው አንዱን መርጬ እንድወስድ ስለጠሩኝ ነበር። ሄድኩ፣ መረጥኩ፣ ተሸክሜ መጣሁ። ሳላመጣው የቀረሁት ግን ዛሬም እንቅልፍ ይነሳኛል።

ጋሼ ደምሴን ለማያውቅ ወጣት ልንገር። አባታችን ሲሞት ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከውጭ አገር የሚመጡ አዳኞችን እየመሩ በእኛ ተራሮች ላይ ኖሩ። ሁለቱ ጠመንጃዎች ሥራቸውን የወደዱ እንግዶች በየጊዜው ትተውላቸው የሄዱት ናቸው፤ ሁለቱም ፈቃድ ነበራቸው። አንዱ ፈረንጆቹ ሠላሳ ዜሮ ስድስት የሚሉት ሲሆን ሌላው ሦስት መቶ ሰባ አምስት ነው። ቁጥሩ የጥይቱ ውፍረት ነው። እኛ ቤት ግን «ሠላሳው» እና «ሰባ አምስቱ» ይባሉ ነበር። ሠላሳው ቀጭንና ቀላል፣ ሰባ አምስቱ ወፍራምና ከባድ። ሳንባቸው ሲደክምና የአዳባ ብርድ ሲያስቸግራቸው፣ ሁለቱንም ይዘው አቃቂ ወደምትኖረው ልጃቸው ወደ ሰናይት ሄዱ።

ከመኸር በኋላ ሰናይት በጎረቤቴ ስልክ ደወለችልኝ።

«አጎቴ፣ አባባ ደክሟል። መጥቶ አንዱን ጠመንጃ ይውሰድ እያለ ነው» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈቃድ ወደ ቤተሰብ ሲዛወር ለአንድ ሰው አንድ መሣሪያ ብቻ ነው ተብለዋል። ሰናይት ጠመንጃ የሚባል ነገር አትፈልግም። ስለዚህ አንዱ ወደ እኔ ይዞራል፤ ሌላው በእሳቸው ስም ይቆይና ሲያልፉ ለመንግሥት ይመለሳል።

በእኛ አገር ደግሞ አዳኝ ሲሞት፣ በተለይ ሬሳው ሌላ ቦታ ከተቀበረ፣ ለቅሶው ሜዳ ላይ ካፖርቱ፣ ፎቶግራፉና ጠመንጃው ይወጣሉ። ጠመንጃው አፈሙዙ ወደ መሬት ተዘቅዝቆ፣ ዝናሩ ሰደፉ ላይ ተጠምጥሞ፣ በሕዝቡ መሐል ይዞራል። በዚያ ሰዓት ጠመንጃው ሰውየው ማለት ነው፤ ሰው እሱን እያየ ያለቅሳል። ጋሼ ደምሴም ይህን ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። የምወስደው ጠመንጃ አንድ ቀን ያንን ሜዳ እንደሚዞር ሁለታችንም ልባችን ያውቀዋል። በአፋችን ግን አንዳችንም አላነሣነውም።

አንደኛ ቀን

ንጋት ላይ ተነሣሁ። ለጋሼ አንድ ጀሪካን ማር ይዤ ነበር። የዘንድሮ ማር ነው፣ ነጭ፣ በብርዳችን የረጋ፣ ማንኪያ የሚያቆም። አውቶቡሱ የጤፍ ማዳበሪያና የበግ ቆዳ ጣራው ላይ ሲጭን ፀሐይ ወጣች። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ስለ እህል ዋጋ ጠየቀኝና መለስኩለት። አውቶቡሱ በሙሉ ዞሮ አየኝ። የወፍጮ ሰው መሆኔን የሚያውቅ ብቻ ይረዳኛል፤ ሞተር አጠገብ ሃያ ዓመት የኖረ ሰው ቀስ ብሎ ማውራት አይችልም። ከዚያ በኋላ እስከ ሻሸመኔ ማንም አላናገረኝም።

መንገዱን አልተርክም፤ አቧራውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሻሸመኔ ላይ አደርኩ። ያደርኩበት ቤት ባለቤት ጠና ያሉ ሴትዮ ናቸው፤ የደረቅ ሥጋ ጥብስ በትሪ ሙሉ አቀረቡልኝና «ምንም የለውም፤ እንዲያው ለአፍ ያህል ነው» አሉ። ያ ምንም የለውም የተባለው ጥብስ ለሦስት ሰው ይበቃል። እኔም እንደ ወጉ «ኧረ ተዉት፣ ጠግቤአለሁ» አልኩና ጠራርጌ በላሁት። በእኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ ሰጪው የሚሰጠውን ያናንቃል፣ ተቀባዩ አልፈልግም ይላል፣ ሁለቱም እየተግባቡ ነው። ይህን ትሪ እዚህ ላይ ያነሣሁት በምክንያት ነው።

ሁለተኛ ቀን

ዝዋይ ስንደርስ ሙቀቱ በረታ። ከእግሬ ሥር የሆነ ነገር ሲፈስ ተሰማኝ፤ ሳየው ማሩ ነው። አዳባ ላይ በቢላ የሚቆረጠው ማር ቀልጦ፣ ክዳኑን ገፍቶ፣ ከፊት ለፊቴ የተቀመጠችውን ወይዘሮ ነጠላ ጫፍ አርሶታል። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ነጠላዋን አንሥታ አየችውና ጣቷን ላሰች።

«የት አገር ማር ነው አባቴ?»

«የአዳባ!» ብዬ ጮህኩ።

«ታዲያ ምን ይጮሃሉ? አልተቆጣሁም እኮ» አለችኝና አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። ከቦርሳዋ ላስቲክ አውጥታ ክዳኑን አሰረችልኝ። የቀረውን በጉልበቴ መሐል አቅፌ ሄድኩ።

ሞጆን፣ ደብረ ዘይትን፣ ዱከምን አለፍን። ከዱከም በኋላ ሜዳው ሁሉ ግንብ ነው። ቱሉ ዲምቱ ላይ ገና የሚሠሩ ፎቆች ብረታቸውን ወደ ሰማይ አቁመው ነበር፤ እኛ አገር ቤት የሚሠራው ከሥር ወደ ላይ ነው፣ እዚያ ግን አጽሙ ቀድሞ ይቆምና ሥጋው በኋላ ይመጣል። አቃቂ ወረድኩ። ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ጀሪካኑንም እኔንም ጭኖ፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አጥር ሥር አልፎ፣ የድሮው የባቡር ሐዲድ አጠገብ ካለ ግቢ አደረሰኝ። ነፋስ የለም፤ አየሩ እንደተዘጋ ጎተራ ነው። አዳባ ላይ በዚያ ሰዓት ነፋሱ ቆብ ይነጥቅ ነበር።

ጋሼ ደምሴ አልጋ ላይ ትራስ ተደግፈው ነበር። ከስተዋል። ያ ተራራ የሚያህል ትከሻ እንደ ልጅ ትከሻ ሆኗል። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ስስም ጭንቅላቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ ሳይለቁኝ ቆዩ። ከአልጋው ትይዩ ግድግዳው ላይ ሰባ አምስቱ ተሰቅሏል። ሠላሳው ቁም ሣጥኑ ጀርባ ነበር።

ጀሪካኑን አቀረብኩ። «ምንም አይደለም ጋሼ፣ መንገድ ላይ የፈሰሰ ትርፍራፊ ነው» አልኳቸው።

ሳቁ፤ ሳቁ ወዲያው ሳል ሆነ። «ያንተ ማር ሁልጊዜ ትርፍራፊ ነው» አሉኝ። «ሰናይት፣ ከምርጡ ማር እንጀራ ላይ አድርገሽ ስጪኝ። ዓመቱን ሙሉ ለእኔ ያስቀመጠው ነው።»

እውነታቸውን ነው፤ ለእሳቸው ብዬ ከቀፎው ሁሉ መርጬ ያስቀመጥኩት ነበር። ትርፍራፊ ያልኩት ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ገባቸው። እኔ ግን የእሳቸው አልገባኝም።

ሦስተኛ ቀን

ጠዋት ሰናይት ወደ ሥራዋ ስትሄድ አብሬያት ወጣሁ። በፊት ፋብሪካ ነበረች፤ አሁን ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አጠገብ ትንሽ ኪዮስክ አላት። ጠያቂዎች ስልካቸውን፣ ቀበቷቸውን፣ የእጅ ቦርሳቸውን ይዘው መግባት ስለማይችሉ እሷ ዘንድ ያስቀምጣሉ። ሲወጡ ይቀበላሉ። መደርደሪያው ላይ የተደረደረውን ሳይ ወፍጮ ቤቴን አስታወሰኝ፤ እኔም የሰው ጆንያ ተራው እስኪደርስ አስቀምጣለሁ። ልዩነቱ እኔ ዘንድ የሚመጣ ሰው አያለቅስም። አንዲት እናት ለልጃቸው ያመጡትን ምግብ በሳህን ይዘው ተራ እየጠበቁ፣ ነጠላቸውን አምስት ጊዜ አስተካከሉ። ከጠያቂ ጋር የሚጣላ ዘበኛም፣ በትሕትና የሚያስተናግድም አየሁ፤ እንደየሰዉ ነው።

ከሰናይት ቀጥሎ ያለው ሱቅ የከድር ነው፤ ስልጤ አገር ተወልዶ አቃቂ ያደገ። መቀመጫ ዱካ አወጣልኝ፣ ሻይ አስመጣልኝ፣ ልከፍል ስል እጄን ያዘ።

«የሰናይት አጎት እኛ ሠፈር ሻይ አይከፍልም» አለኝ። የመጣሁበትን ነገርኩት። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

«ቀስ በል ጋሼ፣ ስለ ጠመንጃ እዚህ አይጮህም!» አለና በሳቅ ወደ ዘበኞቹ አሳየኝ። ከዚያ ቁም ነገር ያዘ። «እኔ ነጋዴ ነኝ። ዕቃ ስገዛ መጀመሪያ የማየው መለዋወጫ ይገኝለታል ወይ ብዬ ነው። የየትኛው ጥይት ይገኛል?»

«የሠላሳው።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል? የሚገኝለትን ውሰድ። ለአሳማና ለከርከሮ ከዚያ በላይ ምን ልታደርግበት ነው?»

እውነቱን ነው፤ ገብሴን የሚጨርሰው ከርከሮ ነው፣ ለከርከሮ ደግሞ ሠላሳው ይተርፈዋል። ከድር ያላወቀው፣ እኔም ያልነገርኩት፣ ጠመንጃው የሚፈለገው ለከርከሮ ብቻ አለመሆኑን ነው። ለማያውቀው ሰው ስለ ለቅሶ ማውራት ወንድሜን በቁማቸው እንደ መቅበር መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ ከሰናይት ጋር ተመለስኩ። ጋሼ ደምሴ ሰናይት ብርድ ልብስ እንድታነጥፍላቸው አደረጉና ሁለቱንም ጠመንጃዎች አልጋቸው ላይ አስተኟቸው።

«በል ምረጥ» አሉኝ።

«ያስረዱኝ እንጂ ጋሼ።»

ሠላሳውን አነሡ፤ መቀርቀሪያውን ስበው መለሱት። «ይሄ ሩቅ ይደርሳል። ከሸለቆ ማዶ የቆመ አጋዘን ላይ ብታነጣጥር ጥይቱ ቶሎ አይወርድብህም። ትከሻህን አያምህም። ጥይቱ ይገኛል። ቀኑን ሙሉ ተሸክመኸው ብትውል አይከብድህም። ጥሩ መሣሪያ ነው።»

«ሰባ አምስቱስ?»

እጃቸውን ሰደፉ ላይ አሳረፉ እንጂ አላነሡትም። «እሱ እንኳን ለማንም አይሆን» አሉ። «ከባድ ነው። ሲተኮስ ይራገጣል። ጥይቱ የትም አይገኝ። አሮጌ ብረት ነው፤ ምን ያደርግልሃል?»

አሮጌ ብረት ያሉት ምኑን እንደሆነ የአዳባ ሰው ያውቃል። ሁለት እረኛ ያቆሰለውን ነብር ጋሼ ደምሴና የአደን ጓደኛቸው ጋሽ ቱፋ ሸለቆ ውስጥ ተከትለውት የገቡ ቀን፣ ነብሩ ከቁጥቋጦ ወጥቶ ጋሽ ቱፋ ላይ ሲዘል ያቆመው ሰባ አምስቱ ነው። ጤነኛ በነበሩ ጊዜ «ሠላሳው ያቆስላል፣ ሰባ አምስቱ ያቆማል» ይሉ ነበር። ቅርብ ለመጣ አውሬ፣ ሁለተኛ ዕድል ለማይሰጥ አውሬ፣ እሱ ብቻ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ያ ሁሉ ታሪክ በአእምሮዬ አለፈ።

«አንቱ የትኛው ቢሄድ ይወዳሉ?» አልኳቸው።

«ተሸካሚው አንተ ነህ፤ የወደድከውን።»

ምን እንዳሰብኩ ልናገር። ግድግዳውን አየሁ። ሰባ አምስቱ የተሰቀለበት ምስማር ባዶውን ቀርቷል። ጠዋት ዓይናቸውን ሲገልጡ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው። ለለቅሶ የሚሆነውን ልምረጥ ብዬ በሕይወት ካለ ሰው ዓይን ሥር ልነጥቀው? ደግሞም አናንቀውታል፤ ሌላውን አመስግነዋል። ባይፈልጉ ነው፣ ከአጠገባቸው እንዲቆይ ቢፈልጉ ነው አልኩ። ሰባ አምስቱ ግን ልቤ ውስጥ ነበር፤ ለራሴም ቢሆን የምመኘው እሱን ነበር። መመኘቴ ራሱ አሳፈረኝ።

«ሠላሳውን እወስዳለሁ» አልኩ። «ሰባ አምስቱ ከዓይንዎ አይራቅ።»

ጋሼ ደምሴ ብርድ ልብሱን በጣታቸው ዳበሱ።

«ጥሩ መርጠሃል» አሉኝ። ከዚያ ሰናይትን ውሃ ጠየቋት። ውሃው መጣ፤ ይዘውት ቆዩና ሳይጠጡ መለሱላት። ሰባ አምስቱን እኔው በእጄ ምስማሩ ላይ መልሼ ሰቀልኩት። ደስ ያሰኘኋቸው መስሎኝ ነበር።

አራተኛ ቀን

ፈቃዱን ለማዞር ሦስታችንም በባጃጅ ሄድን። ጋሼ ደምሴ ሱፍ ልብሳቸውን ለብሰው ነበር። ከባጃጁ እስከ ቢሮው በር ያለውን ትንሽ መንገድ ለመሄድ ሁለት ጊዜ ቆሙ፤ ድሮ እኔ ነኝ ከኋላቸው እያለከለክሁ «ጋሼ ይጠብቁኝ» የምል። ቢሮ ውስጥ ያለው ወጣት ተነሥቶ የራሱን ወንበር ሰጣቸው። አዳኝ መሆናቸውን ሲሰማ ስለ አጋዘን ጠየቃቸው፤ ትንፋሽ እያጠራቸውም ቢሆን መለሱለት።

«የትኛው ነው የሚዛወረው አባባ?» አላቸው።

ጋሼ ደምሴ ለልጁ አልመለሱለትም። ዞረው እኔን አዩኝ። በቀጥታ አዩኝ፣ ረዘም አድርገው። ድሮ አደን ላይ የአውሬ ዱካ ጠፍቶብኝ ሳለ ራሴ እስካገኘው የሚጠብቁኝ ጊዜ እንዲያ ነበር የሚያዩኝ።

«ሠላሳው ነው!» ብዬ ጮህኩ፤ ቢሮው አስተጋባ።

«ሠላሳው ነው» አሉ እሳቸውም ቀስ ብለው።

ማታ ሰናይት ዶሮ ሠርታ ጠበቀችን። «ምንም አልተሠራም፣ እንዲያው ለብ ለብ ነው» እያለች የምታጎርሰው ጉርሻ አፍ አይበቃውም። ጋሼ ደምሴ አንድ ጎረሱና ለእኔ ሁለት አጎረሱኝ። ስለ ልጅነታችን አወሩ፤ ስለ እናታችን፣ ስለ ገብሱ፣ ወንዝ ስለወሰደው በሬያችን። ስለ ጠመንጃ አንድም ቃል አልተነገረም።

አምስተኛ ቀን

ጠዋት ስነሣ አሮጌ ሻንጣቸው በሩ አጠገብ ታስሮ ተቀምጧል።

«ካፖርቴ ናት» አሉኝ። «ያለቀች ናት። ለአዳባ ብርድ ደርብባት።»

ተነሥተው ግቢው በር ድረስ ወጡ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፤ ትንፋሻቸው ጆሮዬ ላይ ያፏጫል። «ቱፋን ሰላም በልልኝ» አሉ። ባጃጁ ሐዲዱን ሲሻገር ዞሬ አየኋቸው። የግቢውን ቆርቆሮ በር ተደግፈው፣ የሚያዩት እኔን ሳይሆን ልትሸኘኝ አብራኝ የተሳፈረችው ሰናይት ያቀፈችውን፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለውን ጠመንጃ ይመስል ነበር።

ፈቃዴን ይዣለሁና ሾፌሩ መሣሪያውን ከአጠገቡ አስቀመጠልኝ። ዝዋይን አልፈን አንድ ኬላ ላይ ፖሊሶች አስቆሙን። ጠመንጃውን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ፣ ጨረስን ስል «ሻንጣውም ይከፈት» አሉ።

ካፖርቱን አወጣሁ። ተቦርሾ፣ የተነቀለ ቁልፉ በአዲስ ተተክቶ ነበር። ውስጡ ዝናር ተጠቅልሏል፤ የጋሼ የቆዳ ዝናር፣ ዘይት ተቀብቶ እያብለጨለጨ፣ ጥይት ሞልቶ። ከዝናሩ ሥር በወፍራም ወረቀት የተሸፈነ ፎቶግራፋቸው አለ። ፖሊሱ አንድ ጥይት አወጣና ወደ ጠመንጃው አፈሙዝ አቅርቦ አነጻጸረው።

«አባቴ፣ ይሄ የዚህ ጠመንጃ አይደለም» አለኝ። «ይሄ የሌላ ነው። ወፍራም ነው።»

መጀመሪያ የተሳሳተ መሰለኝ። ጥይቱን ተቀበልኩት። በእጄ ስይዘው ከብዶኝ አወቅኩት። የሰባ አምስቱ ነው። ዝናሩ ዙሪያውን በሙሉ የሰባ አምስቱ ጥይት ነው።

ካፖርት፣ ፎቶግራፍ፣ ዝናር። ለለቅሶው የሚያስፈልገውን አንድ በአንድ አዘጋጅተው፣ ጠርገው፣ ዘይት ቀብተው ጨርሰዋል። የቀረው ጠመንጃው ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ከባድ ነው፣ ይራገጣል፣ አሮጌ ብረት ነው እያሉ ሰጡኝ። እኔ ማሬን ትርፍራፊ ነው ብዬ እንደሰጠኋቸው ማለት ነው። እሳቸው ሳቁና ተቀበሉኝ። እኔ መልሼ ምስማር ላይ ሰቀልኩባቸው።

አስፋልቱ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ። ድምፄን መቀነስ እንደማልችል ነግሬአችኋለሁ። ፖሊሱ ደነገጠ።

«አባቴ፣ ግዴታ ሆኖብኝ ነው፤ ፈቃድዎ ላይ የሌለ ጥይት ማሳለፍ አልችልም። ዝናሩን ይውሰዱ፤ ጥይቱ ብቻ ነው የሚቀረው» እያለ ይለማመጠኛል። ተሳፋሪዎቹም ወረዱ። የጥይቱ ዋጋ ያስለቀሰኝ መስሏቸው «ተወው፣ ይተካል» አሉኝ። አንድ ወጣት ውሃ አመጣልኝ። ሾፌሩ ሳያጉረመርም ጠበቀኝ፤ ማንም ረፈደብን አላለም። እነዚያን ሰዎች እግዜር ይስጣቸው። ለምን እንዳለቀስኩ ለአንዳቸውም አልነገርኳቸውም።

ሻሸመኔ እንደደረስኩ ስልክ ቤት ገባሁ። ሰናይት አነሣች።

«ዝናሩን መቼ ነው የሞሉት?» አልኳት።

«እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ እሱን ሲወለውል ነበር» አለችኝ። «ምነው አጎቴ?»

«አቅርቢልኝ።»

የጋሼ ትንፋሽ ከድምፃቸው ቀድሞ መጣ።

«ጋሼ፣ አልገባኝም ነበር» አልኳቸው። «ተመልሼ መጥቼ እለውጠዋለሁ። ነገ እመለሳለሁ።»

«የምን መመለስ» አሉኝ። «መንገዱ ሩቅ ነው። ወፍጮህ ይቆማል፣ ሰው ዱቄት ያጣል። ተወው፤ ሠላሳውም ጥሩ ነው።»

እሳቸው «ጥሩ ነው» ሲሉ እንዴት እንደሚሰማ አሁን አውቄዋለሁ።

ስድስተኛ ቀን

አዳባ ገባሁ። ነፋሱ ቆቤን ነጠቀኝ። ጠመንጃውን ቤት አስገብቼ ዝናሩን ምሰሶው ላይ ሰቀልኩት፤ ባዶዎቹ የቆዳ ኪሶች አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ለገና ወፍጮ ስለሚበዛ፣ ከገና ማግሥት ተመልሼ እለውጠዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። ለሚስቴም ለጋሽ ቱፋም ነገርኩ።

ጋሼ ደምሴ ገናን አልደረሱም። አቃቂ ተቀበሩ፤ የሰፈሩ እድር በወግ በማዕረግ ሸኛቸው፣ ከድርም አልጋውን ከተሸከሙት አንዱ ነበር አለችኝ ሰናይት። ሰባ አምስቱን ደግሞ ከቀብሩ በኋላ ወስዳ አስረከበች። «ከምስማሩ ሳወርደው አልቻልኩትም አጎቴ፤ ከድር ነው የተሸከመልኝ» አለችኝ።

እኛ እዚህ ለቅሶውን አዳባ ሜዳ ላይ አደረግን። ካፖርቱ ወጣ፣ ፎቶግራፉ ወጣ። ጠመንጃውን የሚያዞሩት ጋሽ ቱፋ ናቸው፤ ሌላ ማን ሊያዞረው? ለዝናሩ ጥቂት የሠላሳው ጥይት ፈላልጌ አግኝቼ ሞልቼው ነበር። ጋሽ ቱፋ ጠመንጃውን ከእጄ ተቀበሉ። አፈሙዙን ወደ መሬት ዘቀዘቁት። ከዚያ በእጃቸው መዘን አደረጉትና ቀና ብለው አዩኝ።

«ቀለለኝ» አሉ።

ለቅሶው ተነሣ። ጋሽ ቱፋ መዞር ጀመሩ፤ ሕዝቡ ደረቱን እየመታ ተከተለ። የዝናሩ ኪሶች ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰባ አምስቱን ወፍራም ጥይት ሲይዙ ሰፍተዋል። ሠላሳውን መያዝ አልቻሉም። ጋሽ ቱፋ አንድ እርምጃ በሄዱ ቁጥር ቀጫጭኖቹ ጥይቶች እየሾለኩ ሣሩ ላይ ይወድቃሉ። እኔም ከኋላ ከኋላቸው እየሄድኩ ለቀምኩ። ላየኝ ሰው የመሰለው ሐዘን ወገቤን አጉብጦት ነው፤ እውነትም ነው።